የትኛውን ታንኳ እንሥራ?

የዚህችን ጽሑፍ አርእስት ያየ የምህንድስና ተማሪ መሳቁ አይቀርም። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ታንኳ አሠራር ምን አግብቶት ነው የሚጽፈው?» ቢል አልፈርድበትም። እኔ መዶሻ የጨበጥሁት የመኝታ ክፍላችን በር አልዘጋ ባለ ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በዘመዶቹ ዘንድ ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ መሐንዲስም ሆኖ እንደሚቆጠር የዚህች መጽሔት አንባብያን አሳምራችሁ ታውቃላችሁ። ላም የታመመችባቸው ዘመዶቻችሁ መድኃኒቱን በስልክ ካልጠየቋችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

እኔን የጠየቁኝ አጎቴ ናቸው። በጣና ዳር የሚኖሩ፣ ሞፈሩንም መረቡንም ይዘው የሚያድሩ ገበሬ ናቸው። ማታ መረባቸውን በሐይቁ ዳር ይጥላሉ፣ ሲነጋ ያወጣሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይሻገራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በደንገል ታንኳ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደውለው፣ «ልጄ፣ ታንኳዪቱ አርጅታለች። እንደ ወትሮው የደንገል ላሠራ ወይስ ልጆቹ እንደሚሉት ወደ ጣውላ ልግባ? አንተ ተምረሃልና ቁረጥልኝ» አሉኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ።

የጣናን ታንኳ በሥዕል ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ታንኳ እንደ ሌላው ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተደፈነ ዕቃ አይደለም። ደንገሉ ይታጨድና በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶው ከነዶው ጋር በልጥ ይጠፈራል፤ ፊቱ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በሆዱ ውስጥ ሌላ ደንገል ይነጠፍበትና ሰውየውም ሸክሙም በዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ ከሥር ይገባል፣ ይወጣል፤ ማንም ግድ የለውም። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው እንደ ጣውላ ጀልባ ባዶ ሆዱ አይደለምና። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ማዕበል ቢረጨው አይሰጥምም፤ ቀዳዳ የሚባል ነገር ስለሌለው አይቀደድም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ውሃ ቀስ በቀስ ይጠጣል። ከሥራ በኋላ ሁሉ ወደ የብስ ተጎትቶ ካልተሰጣ ይከብዳል፤ ቢሰጣም ከጥቂት ወራት በኋላ መበስበሱ አይቀርም። እንግዲህ የደንገል ታንኳ ባለቤት መሆን ማለት ዘወትር ታንኳ ሠሪ፣ ወይም የታንኳ ሠሪ ደንበኛ መሆን ማለት ነው።

ይህን ጥበብ ከማንም ይልቅ የያዙት ወይጦዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም ነበር። በእጃቸው የሠሩትን ታንኳ ግን የተጸየፈ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። አብሮ መብላት ነውር የሆነበት ሰው በሠራው ነገር ላይ ነፍስን አደራ ሰጥቶ ሐይቅ መሻገር ነውር ያልሆነበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የሕግ ተማሪዎች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። የአጎቴን ታንኳ ለብዙ ዓመታት የሠሩላቸው አንድ ሽማግሌ ወይጦ ናቸው። ልጆቻቸው የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ገብተዋል።

በቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ከጣና እጅግ ሩቅ ነበር፤ ይኸውም በአሜሪካ ዳክዬ አዳኞች የሚሠሩት ጀልባ ነው። በእኛ ዘንድ ይብራ ተኩሶ የሚበላ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በፎገራ ረግረግ የሚያርፉት ወፎች ከዚህ ዓይነቱ ምህንድስና ተርፈዋል። ነገር ግን የዳክዬ አዳኝ ችግርና የአጎቴ ችግር በብዙ ይመሳሰላል። ሁለቱም ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በቄጠማ መካከል፣ ጎሕ ሳይቀድ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

በኒው ጀርዚ፣ በባርኒጋት ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የነበረ ሔዝልተን ሲማን የሚባል ጀልባ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1836 አንዲት ትንሽ ጀልባ ሠራ። ስሟ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምትሾልክ ሣጥን» እንደ ማለት ነው። ርዝመቷ 12 ጫማ፣ ወርዷ 4 ጫማ ያህል ነው። ፊቷ እንደ ማንኪያ የጎበጠ፣ ጀርባዋ በጣውላ የተሸፈነ ሲሆን አዳኙ በመካከሏ ባለች ቀዳዳ ገብቶ ይጋደማል። ከላይ የረግረግ ሣር ሲነሰነስባት ከሩቅ የሚታየው ጀልባ ሳይሆን ሣር የበቀለባት ጉብታ ነው። ክንድ በማይሞላ ውሃ ላይ ትሄዳለች፤ ውሃው ባለቀበት ስፍራ ሰውየው ወርዶ በጭቃው ላይ ይጎትታታል። የሚሠሩባት እንጨት ነጭ ዝግባ በዚያው አገር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል መሆኑን ሳነብ ደንገላችን ትዝ አለኝ። ጥንካሬዋን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ ናትናኤል ቢሾፕ የተባለ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1875 መጨረሻ ከፒትስበርግ ተነሥቶ የኦሃዮንና የሚሲሲፒን ወንዞች ተከትሎ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በእርሷ ወርዷል፤ መጽሐፍም ጽፎበታል።

ከዚህች ጀልባ ይልቅ የገረመኝ ግን የአዳኞቹ አነጋገር ነው። «ከሁሉ የሚሻለው ጀልባ የትኛው ነው?» ለሚላቸው ሰው መልስ አይሰጡም፤ በጥያቄ ይመልሱለታል። ውሃህ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ነፋሱ ከስንት ርቀት ይመጣብሃል? ብቻህን ነህ ወይስ ሁለት? ጀልባዋን ማን ያነሣልሃል? በሉዊዚያና ረግረግ ያለው አዳኝ በዘንግ የሚገፋ ቀጭን ጀልባ ይሠራል፤ በሰፊ ሐይቅ ላይ ያለው ግን በእርሱ ቢወጣ ይገለበጣል። ደግሞም ንድፍ እጅግ ሲሰምር ምን እንደሚያመጣ ያዩ ናቸው። አንድ ዘመን አዳኙን እስከ ትከሻው ከውሃው በታች የምታውል፣ በክብደት የምትሰጥም ሣጥን ነበረቻቸው። ወፎቹ ምንም ሳያዩ በላይዋ ያርፋሉ። ከዚህች ሣጥን የሚያመልጥ ዳክዬ ጥቂት ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1935 በመላው አገር በሕግ ተከለከለች።

በምህንድስና ፋኩልቲ ያለ አንድ ጓደኛዬ ነገሩን በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በትሪና በሳሕን አስረዳኝ። ሆዱ ዝርግ የሆነ ጀልባ በቆመበት አይናወጥም፣ ጥልቅ ውሃም አይፈልግም፤ ማዕበል ሲመጣበት ግን ይላተማል። ሆዱ ሹል የሆነው ማዕበሉን ይሰነጥቀዋል፤ ነገር ግን ጥልቀት ይሻል፣ ቆሞ መረብ የሚስብን ሰውም ያንገዳግዳል። አንዱን ያገኘ ሌላውን ያጣል። ጓደኛዬ ይህን ሲናገር ሻዩን ደፍቶብኛል፤ ስለዚህ ትምህርቱ አይረሳኝም።

እንግዲህ የእኛን ውሃ በዚህ ሚዛን እንየው። ጣና 84 ኪሎሜትር ያህል ርዝመትና 66 ኪሎሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው አጭርና ቁልቁለት የበዛበት ማዕበል ያነሣል። ጧት መስተዋት የሚመስለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሌላ ነው፤ የሐይቁ ሰዎች ጧት የሚሻገሩት ስለዚህ ነው። የአጎቴ መረብ ሥራ በዳር፣ በቄጠማው አጠገብ ነው። ለዚህ ከደንገል ታንኳ የሚሻል ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። ቀላል ነው፤ አይሰጥም፤ የሚሠራበት ነገር ከደጅ ይታጨዳል። ማገዶ ጭኖ መሻገሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ዝርግ ሆድ ያለው የጣውላ ጀልባ ይበልጣል። ምንም እንኳ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየደረቀ መሰንጠቁና መጣመሙ፣ የዋንዛው ደግሞ ዋጋው የማይቀመስ መሆኑ ቢያስቸግርም፣ አራት ቤት ሆኖ አንድ ማሠራት ይቻላል።

የአጎቴ ልጅ የሚፈልገው ግን ሦስተኛውን ነው፤ እርሱም የሞተር ጀልባ። በጣና በሞተር ጀልባና በሰው ሠራሽ መረብ ዓሣ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ለመራባት ወደ ገባር ወንዞቹ የሚወጡት፣ ከጣና በቀር በሌላ አገር የማይገኙት የነጭ ዓሣ ወገኖች ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በብዙ እጅ ቀንሰዋል። ያችን የምትሰጥም ሣጥን እዚህ ላይ አስቧት። ደግሞ ቤንዚን ዕለት ዕለት የሚገዛ ገበሬ ዓሣ ዕለት ዕለት መያዝ አለበት፤ ሞተሩ ዕረፍት አይሰጠውም። ስለዚህ ሦስተኛውን ብዙ ሳልከራከር ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ወደ ገዛ ደንገላችን መለሰኝ። ቶር ሃየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ለመሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት የተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። 12 ቶን ያህል ደንገል ተጭኖ ወደ ግብፅ ሄደ። እዚያም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ 5,000 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ጅራቷ እየሰጠመ ስለሄደ ተሳፋሪዎቿ ጥለዋት ወጡ። ደንገል ውቅያኖስ ላይ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ደንገሉ ግን አልበሰበሰም። ጥፋቱ የንድፍ ነበር። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከተቀለበሰው ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ ጅራቱን አጉብጦ ለመያዝ ብቻ የዋለ ስለ መሰላቸው አስቀሩት። ለካ የጀልባዋን ኋላ ደግፎ የያዘው እርሱ ኖሯል። የቻድ ሠሪዎች በአገራቸው የሚሠሩት ጀልባ ኋላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ የተቀለበሰ ጅራት ልማዳቸው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ሁለተኛዪቱን ራ በሌላ ዘዴ ሠሯት፤ እርሷም በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው ኩራት ነው። ሁለተኛው ግን ቅሬታ ነው። ደንገሉ የእኛ ሆኖ ሳለ የሠሪዎቹ ስም የቻድና የቲቲካካ ነው፤ የወይጦ ስም በዚያ የለም። እርግጥ ነው፣ የጣና ታንኳ ለሐይቅ እንጂ ለውቅያኖስ አልተሠራም። ቢሆንም ቅሬታዬን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ሆድ ዝርግነትና ስለ ጣውላ ዓይነት እያነበብሁ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ በስልክ የነገረኝ አንድ ቃል ጥያቄውን ሁሉ ለወጠብኝ። በአጎቴ ማሳ ግርጌ፣ ሐይቁ ከመሬቱ በሚገናኝበት ስፍራ፣ አንድ የደንገል ጭፍቅ አለ። ልጁ፣ «ጣውላ ከሆነልን ያን ደንገል ነቅለን በቆሎ እንዘራበታለን፤ ለምን ቦታ ይዞ ይቀመጣል?» አለኝ። ለካስ የታንኳ ንድፍ መምረጥ የመሬት አጠቃቀም መምረጥም ኖሯል።

የጣና ዳር ደንገል እየሳሳ መሄዱን የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተፈጸመ በኋላ የሐይቁ ከፍታ እንደ ቀድሞው በወቅቱ ብቻ የሚመላለስ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጎለ፤ ውሃው የሸሸበትም ዳር ታረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ተነገረ። በዚህ መካከል ደንገሉን የጨረሰው የታንኳ ሠሪ ማጭድ ነው የሚል ሰው ይገኛል። እኔ አልቀበለውም። ደንገል ሥሩ እስካልተነካ ድረስ ታጭዶ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው። የሚያጠፋው ሥሩን የሚገለብጠው ማረሻ ነው። ቀረሶም የሚራባው በዚያው በዳሩ ሣርና ደንገል መካከል ስለሆነ፣ ደንገሉን ነቅሎ በጣውላ ጀልባ ዓሣ ፍለጋ መሄድ መሰላሉን ሸጦ ጣራ መግዛት ይሆናል።

እንግዲህ የዳክዬ አዳኞቹ እዚህ ላይ ተመልሰው ጠቀሙኝ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣ ሕግ የውሃ ወፍ ለማደን የሚሻ ሰው በየዓመቱ ቴምብር እንዲገዛ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ዋጋ አንድ ዶላር ነበር። ገንዘቡ ወፎቹ የሚያርፉበትን ረግረግ ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። ረግረጉን ያዳነለት ሰው እንግዲህ ወፉን የሚተኩስበት ሰው ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ለጆሮ ይከብዳል፤ ቢሆንም ይገባኛል። በየማለዳው በቄጠማ ውስጥ ጉዳይ ያለው ሰው ቄጠማው ሲጠፋ አስቀድሞ ያውቃል። አጎቴም በየጥቂት ወሩ አዲስ ታንኳ የሚያስፈልጋቸው እስከ ሆነ ድረስ ያን ጭፍቅ ማንም አይነካውም። የታንኳው ቶሎ መበስበስ፣ ልጆቹ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ነገር፣ የደንገሉ ጠባቂ ነው።

ይሁን እንጂ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ በደረቅ አልጋ የምተኛ ተማሪ ነኝ። ጎሕ ሳይቀድ እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው የሚቀመጡት እርሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ለደንገል ብለህ እርጥብ ላይ ተቀመጥ ብዬ የአባቴን ታላቅ ወንድም ልመክር የምችል እኔ ማን ነኝ? ልጁም ቢሆን ስንፍና ይዞት አይደለም። ታንኳ መሥራት የወይጦ ሥራ ነው እየተባለ አድጎ፣ አሁን ሽማግሌው ወይጦ ሲደክሙ ማን ይሥራልን ብሎ መጨነቁ ነው። ይህን በክርክር ብቻ የሚፈታ ሰው ካለ ወደ ክርክር ክበባችን ይምጣ።

በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው፤ በስልክ የተነገረ ነገር ልጁ እንደሚመቸው አድርጎ ያወራዋልና። ለመረቡ ሥራ የደንገል ታንኳ ይሥሩ፤ ለማገዶው ከሦስት ጎረቤት ጋር ተዋጥተው ዝርግ ሆድ ያለው አንድ የጣውላ ጀልባ ያሠሩ፤ ሞተር ግን ይቅር፤ ጭፍቁንም አይንኩ አልሁ። የንጣፉን ደንገል ከወትሮው ከፍ ቢያደርጉት ጉልበታቸው ከውሃው እንደሚርቅም ጨመርሁ። ይህን ምክር ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሽማግሌውን ወይጦ በልጁ ስልክ ጠይቄያቸው ነው። ንጣፉ ከፍ ባለ ቁጥር ታንኳው እንዳይንገዳገድ ጎኑ በአንድ አንድ ነዶ መስፋት እንዳለበትም ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው፤ የምህንድስና ጓደኛዬ በትሪ ያሳየኝ ነገር ይኸው ነበር።

መልሱ በልጁ እጅ ተጽፎ ባለፈው ሰሞን ደረሰኝ። ጎረቤቶቹ በጣውላው ተስማምተው ገንዘቡ ለመኸር ተቀጥሯል። ሽማግሌው የዘንድሮውን ታንኳ ሊሠሩ እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን ልጁ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ነዶ እንዲያስር ጠይቀዋል። ልጁም ከብዙ ማንገራገር በኋላ ተቀምጧል። ምሳም አብረው እየበሉ ነው ይላል ደብዳቤው፣ እንደ ተራ ነገር በአንድ መስመር። ደንገሉ ታጭዶ እየደረቀ ነው፤ ልጡን ማን እንደሚልጥ ግን ገና አልተስማሙም።